ነገ ገና ነው፤ የእማማ ዝርዝርም አርባ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ባሕር ዳር ላላችሁትም፣ ጣናን በፎቶ ብቻ ለምታዩትም። ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ዶሮው እስካሁን በሕይወት አለ፤ እናቴ ግን ቢላዋውን ስላ ጨርሳለች። ይህን የምጽፈው በድፎው መሀል እየተመላለስኩ ነው። ድንገት ካቋረጥኩ እያረረብኝ ነው ማለት ነው።

ዘንድሮ ቀልድና ምርቃት ብቻ ጽፌ ላልፍ ነበር። አልሆነም። እማማ ዝርዝር ኅዳር 20 አረፉ፤ አርባቸው ነገ፣ በገና ዕለት ይውላል።

የእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት አባይ ማዶ ነው። በየዓመቱ ክረምት ላይ ሐዋርያዊ ጉዞ እንወጣለን። ጉዞ ሲባል ታዲያ ሁላችንም የሚታየን ጀልባ ነው። ዘጌ ወርደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንሳለማለን። ክብራን ገብርኤል ሲሆን ወንዶቹ ይገባሉ፤ እኛ ሴቶች እንጦስ ኢየሱስ ላይ እንጠብቃቸዋለን። መዝሙሩ፣ ነፋሱ፣ ፎቶው! ግማሹ አገልግሎት ነው፣ ግማሹ ሽርሽር።

ባለፈው ክረምት ሰብሳቢያችን "ዘንድሮ ጀልባ የለም" አለን። የምንሄደው መሀል ከተማ፣ ገበያ አካባቢ ወዳለ ደብር ነው። ለፍልሰታ ሱባኤ፣ የደጁን ሰዎች ልናገለግል። ጉርምርምታው ለጉድ ነበር። "በባጃጅ ተሂዶ ጉዞ ይባላል እንዴ?" ያልሽው ጓደኛዬ፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻገርን፤ 380 ሜትር። ጥቂት ሄድን፤ ደረስን። ጉዞው አለቀ። ቲሸርት ግን አሳትመን ነበር።

በአጥሩ ግንብ ሥር ላስቲክ ወጥረው የሚያድሩ አረጋውያን አሉ። ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ፣ የሊስትሮ ሣጥናቸውን ተንተርሰው የሚተኙ ልጆች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አኮፋዳ ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች ይመጣሉ። እኛ በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም ይዘን ነበር። መዝሙር፣ ስብከት፣ ጭውውት። በትዕግሥት ሰሙን። ስንጨርስ አንድ እናት ቀና አሉ።

"ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስብከቱንስ በየቀኑ እንሰማለን፤ ሞንታርቦው ከራሳችን በላይ ነው። ጥፍር መቁረጫ ይዛችኋል?"

አንዷ ሮጣ ገዝታ መጣች። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ያነሣው የለም። ጥፍር ቆረጥን፣ ፀጉር ላጨን፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ልብስ አጠብን። በነሐሴ ልብስ ማድረቅ ምን እንደሚመስል የባሕር ዳር ሰው ይፍረደን።

እኚያ እናት እማማ ዝርዝር ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ሳንቲም ከእሳቸው አይጠፋማ። ምእመኑ ብር ይሰጣቸዋል፤ ዘርዝረው ይመልሱለታል፤ እሱም ለሌሎቹ ይመጸውታል። ለራሳቸው ካልደረሳቸው "ዛሬ ተራው የእነሱ ነው" ይላሉ። ጸበል ጻዲቅ ሲመጣም የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ያመጣነውን ልብስ ልናድል ስንነሣ "ቁጭ በሉ" አሉን። መጀመሪያ አራሷን ጠሩ። ቀጥሎ ከግንቡ ጀርባ ለተኙት ሽማግሌ ላኩ፤ እኛ እዚያ ሰው መኖሩንም አላየንም ነበር። ማን በቀደም እንዳገኘ፣ ማን አፍሮ እንደማይጠይቅ ያውቃሉ። አንድም ግፊያ አልነበረም። እኔ የመንግሥት ቢሮ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላየሁም።

የዘጌ ሰው ነበሩ። ጥፍራቸውን ስቆርጥ ስለ ጀልባው ነገርኳቸው። "እናንተ እየዘመራችሁ የምትሄዱበትን እኔ እንጨት ጭኜ በታንኳ መጣሁበት" ብለው ሳቁ። ገበያ ሊሸጡ መጥተው ነው እዚህ የቀሩት። ለምን እንደቀሩ አልነገሩኝም።

ፍልሰታ ሲፈታ እኛ አልተበተንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ቀጠልን። ማረፋቸውን የሰማነው በኅዳር ጽዮን ጠዋት ነው፣ ደጁ በነጠላ ነጭ በነጭ ሆኖ ሳለ። የደወለልን አንዱ ሊስትሮ ነው፣ በሰው ስልክ።

ለቀብራቸው ስንሄድ የደብሩ ቢሮ ያገኘነው ሰው የሰበካ ጉባኤ ደብተር ጠየቀን። ዓመታዊውን ከፍለዋል? የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው? ያንን ሁሉ ክረምት ግንቡ ሥር የኖሩ ሰው መዝገብ ላይ የሉም። ደብር መተዳደሪያ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። እናቴም በየዓመቱ ከፍላ ካርኒዋን ታስቀምጣለች። ግን አስከሬን አስቀምጦ ካርኒ! ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ይሄኔ አንድ አረጋዊ ካህን መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። "የንስሐ ልጄ ናት" አሉ። የሚከራከራቸው አልነበረም። ከዚያ ዝቅ ብለው ሊስትሮውን በጆሮው "ስመ ክርስትናዋ ማነው?" ሲሉት ሰማሁ። ልጁ ያውቅ ነበር።

መገነዣቸውን ቀድመው አዘጋጅተው በፌስታል ጠቅልለውታል። ጫፉ ላይ ሳንቲም ተቋጥሮ ነበር፤ ለመቃብር ቆፋሪ ብለው ያስቀመጡት መሆኑን ጎረቤቶቻቸው ነገሩን። የቆፈሩት ሊስትሮዎቹና የእኛ ልጆች ናቸው። ሳንቲሙን የነካ የለም፤ ለአርባው ጧፍ ሆኗል።

አባ፣ እንኳን አደረሰዎ። ይፍቱኝ፤ የሰማሁትን ስለጻፍኩ። በገበያ ቀን ፀጉር ቤትህን ዘግተህ ምላጭህን ይዘህ የመጣኸው ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። እርጥብ ልብስ ጭነህ ሒሳብ አልቀበልም ያልከው የባጃጅ ሾፌር፣ ወንበርህ ደረቀ? የድልድዩ ማዶ እናቶች፣ ለዳቦው እግዜር ይስጥልን። ስሟን ያወቅክላት ልጅ፣ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል በመግባትህ ደስታዬን አልችለውም። በባጃጅ ጉዞ ያልተዋጠልሽ ጓደኛዬ፣ አሁን ቅዳሜ ከሁላችን ቀድመሽ የምትደርሺው አንቺ ነሽ፤ ይህንንም ጻፍኩት።

መንገድ ተዘግቶባችሁ ለበዓል ቤተሰባችሁ ጋ ያልደረሳችሁ፣ ለከርሞ አብራችሁ ለመዋል ያብቃችሁ። ውጭ ሆናችሁ "ምን እንላክ?" የምትሉኝ፣ ልብስ በቅቶናል። ይልቅ የተጠመቃችሁበት ደብር ደውሉና የደጁ ሰዎች በመዝገብ ተጽፈው እንደሆነ ጠይቁልኝ። በነጻ። የሰበካ ጉባኤ አባላትም ይህን ታነባላችሁ፤ ለጥምቀት ሳንደርስ አንድ ደብተር ከፍታችሁ ብታሳዩን ምርቃቴ ለእናንተ ይሁን።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ አርባቸውን እዚያው ደጁ ላይ እናወጣለን። ዳቦው ሞልቷል። ጠላ ነው ያነሰን፤ ለበዓል የጠመቃችሁ አንድ አንድ ጀሪካን ቀንሱልን። ባጃጁ ዛሬ 12 ሰዓት ላይ እየዞረ ይለቅማል፤ ሰፈራችሁን ጻፉልኝ።