ሳልመዝን የጻፍኩት ቁጥር፦ ወደ ሕፃናት ዋርድ ለምትገቡ የሕክምና ተማሪዎች

በመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመታችን ለ10 ሳምንት የሕፃናት ሕክምና ልምምድ ወደ ዋርድ ስንገባ ከትምህርት ክፍሉ ሁለት ገጽ የተማሪዎች መመሪያ ታደለን። አሁን ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ያንን ወረቀት ከድሮ ማስታወሻዎቼ መካከል አግኝቼ እንደገና አነበብኩት። ጋውን ነጭና የተቆለፈ ይሁን፣ የስም ባጅ ይለጠፍ፣ ስልክ ይጥፋ፣ ከሞርኒንግ (ከጠዋቱ የሕሙማን ሪፖርት ስብሰባ) የዘገየ እንደቀረ ይቆጠራል፣ ሎግ ቡክ (የተማሪው የሥራ መዝገብ) በየሳምንቱ ይፈረም፣ እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ሕፃናትን ይከታተል፣ ባዶ ቦታ ያለው የክትትል ቅጽ ነጥብ ያስቀንሳል ይላል። እኔን የጣለኝና አንድን ልጅ ለአደጋ ያጋለጠው ነገር ግን በሁለቱም ገጽ ላይ አልተጻፈም። ይልቁንም የመጨረሻው ደንብ፣ ባዶ ቦታን የሚቀጣው፣ ወደ ጥፋቴ ገፍቶኛል ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቀላሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የበሽታውን ታሪክ የሚነግራችሁ ልጁ ሳይሆን እናቱ ናት፤ ስለዚህ ወረቀት ከማውጣታችሁ በፊት «እንዴት አደራችሁ፣ እግዜር ይማርልሽ» በሉ። ዕድሜውን በወር መናገር ካልቻለች ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ የተወለደው ብላችሁ አስሉት። የክትባት ካርዱን በዓይናችሁ እዩ፤ «ጨርሷል» የሚለው መልስ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን እንጂ የ9 እና የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ላይጨምር ይችላል። እንጥል ተቆርጦ ወይም የወተት ጥርስ ተነቅሎ እንደሆነ በማይቆጣ ድምፅ ጠይቁ፤ ፊታችሁን ካጨማደዳችሁ እውነቱን አትሰሙም። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ስታልፉ እጃችሁን ታጠቡ። ይህን ሁሉ ማንም ይለምደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአምስተኛው ሳምንት ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚተኙበት፣ እኛ «ሳም ክፍል» በምንለው ክፍል ተመደብኩ። ከአምስቱ ልጆቼ አንዱ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ወንድ ልጅ ነበር። ሲገባ የክንዱ ዙሪያ 10.4 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 በታች መሆኑ ብቻ ከባድ እጥረት ያሰኘዋል። እብጠት አልነበረበትም፤ ክብደቱ 6 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። ኤፍ 75 የሚባለው፣ ለእነዚህ ልጆች የሚዘጋጅ ማረጋጊያ ወተት በየሦስት ሰዓቱ ይሰጠዋል። ማታ ላይ ተቅማጡ ስለበረታና የፈሳሽ እጥረት ምልክት ስለታየበት ተረኛው ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ሪሶማል የሚባለውን፣ ለእነዚህ ልጆች ጨው የተቀነሰበትን የተቅማጥ ፈሳሽ አዘዘለት፤ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 31 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ ከወተቱ ጋር እያፈራረቁ። ኢንተርኑ ጉበቱን ዳስሶ ጠርዙ የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ በቆዳው ላይ አስምሮ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። የጎደለው ግን የሪሶማሉ ጆግ እናቲቱ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ለምን ጥቂት በጥቂት እንደሚሰጥ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። ልጁ ውኃ ሲያይ እጁን ይዘረጋ ነበርና ሌሊቱን ሙሉ በሲኒ እየቀዳች አጠጣችው። ማንም እናት የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የእኔ ሥራ አምስቱንም ልጆች ልብሳቸውን አስወልቆ መመዘን፣ ትንፋሽና የልብ ምት መቁጠር፣ ሙቀት መለካትና ራውንድ (ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ የሚያዩበት) ሳይጀመር ቅጹን መሙላት ነበር። የዋርዱ የኤሌክትሪክ ሚዛን ባትሪው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የቀረው ተንጠልጣዩ ሚዛን በኮሪደሩ ጫፍ፣ ወተት በሚዘጋጅበት ክፍል በር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ፊት ለፊቱም ወረፋ ነበር። ወደ ልጁ አልጋ ስደርስ እናቱ ሁለት እጇን አገናኝታ፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠው አድሮ አሁን ገና ነው ያሸለበው፤ ትንሽ ይተኛበት» አለችኝ።

አዘንኩላት። ይህ እውነት ነው። ግን ከሐዘኔ ጋር ሌላም ነገር ነበር፤ ሞርኒንግ እየደረሰ ነበር፣ ሦስት ልጆች ገና ይቀሩኝ ነበር፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ነጥብ ያስቀንሳል። ብርድ ልብሱን ሳልገልጥ ለ15 ሴኮንድ ትንፋሹን ቆጥሬ በአራት አባዛሁና 36 ብዬ ጻፍኩ። በክብደቱ ቦታ የትናንቱን ገልብጬ 6.2 አልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደ ጥፋትም አልቆጠርኩትም።

ራውንድ ወደ እኛ አልጋ የደረሰው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሬዚደንቷ (በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማረው ሐኪም) ቅጹን ከማየቷ በፊት ልጁን አየችው። ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ገለጠች፣ ሰዓቷን ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረቱን እያየች ቆጠረች፤ 56። ከዚያ ሆዱን ዳሰሰች። በእስክሪብቶ የተሰመረው መስመር እዚያው አለ፣ የጉበቱ ጠርዝ ግን ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ «ዛሬ ጠዋት ስንት መዘነ?» አለችኝ።

«6 ኪሎ ከ200።»

«ራስህ መዝነኸው?»

«አዎ» አልኩ።

ከሁሉ በላይ የምጸጸተው ሳልመዝን በመጻፌ ሳይሆን በዚህች አንዲት ቃል ነው። «አልመዘንኩትም» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ግን አላመነችኝም። ልጁን ራሷ ተሸክማ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች፣ ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን አየች፣ ልብሱንና በአንገቱ ላይ የነበረውን ክታብ እናቱን አስፈቅዳ አወለቀች፣ ሰቀለችው። ቀስቱ 6.6 ላይ ቆመ። በአንድ ሌሊት 400 ግራም። ይህ ከክብደቱ ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ ፈሳሽ በመተካት ብቻ ከ5 በመቶ በላይ እንዲጨምር አይፈለግም።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ በመጽሐፍ አውቀው ነበር፣ በልጅ ላይ ግን አላየሁትም። ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ሰውነት ጨውን ይዞ ያስቀራል፣ የልቡ ጡንቻም ስለሳሳ ብዙ ፈሳሽ መግፋት አይችልም። ሪሶማል በሊትር 45 ሚሊሞል ሶዲየም ብቻ ሲኖረው ተራው የተቅማጥ ፈሳሽ፣ ኦአርኤስ፣ 75 ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሪሶማልም ቢሆን ሲበዛ ልብን ያጨናንቃል፤ ያኔ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጉበትም አብጦ ወደ ታች ይወርዳል። በማረጋጊያው ጊዜ፣ ማለትም በሕክምናው የመጀመሪያ ቀናት፣ ኤፍ 75 የሚሰጠው ልጅ ክብደት እንዲጨምር አይደለም፤ ስለዚህ በድንገት የጨመረ ክብደት ምግብ ሳይሆን ውኃ ነው። እብጠት ያለበት ልጅ ደግሞ በእነዚያው ቀናት ቢቀንስ መልካም ምልክት ነው። የትናንቱን ቁጥር የሚገለብጥ ተማሪ የሚደብቀው ሁለቱንም ነው።

ሪሶማሉ ወዲያው ቆመ፣ ወተቱም ለጊዜው እንዳይሰጥ ተደረገ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የጉበት ጠርዝ እንዲታይ ታዘዘ። እኔው እንዳየው ጠየቅሁ፤ ሬዚደንቷም ፈቀደች፣ ነገር ግን አንድ ነርስ ከጎኔ ሆና እያንዳንዱን ቁጥር እንድትደግመው አደረገች። ያ ተገቢ ነበር። ትንፋሹ ወደ ምሽት 42 ደረሰ፣ በማግሥቱ ጠዋት 36 ሆነ፤ ክብደቱ 6.3። ልጁ ተረፈ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ሦስት መምህራን ተቀምጠው ነበር። ለቅጣት ተዘጋጅቼ፣ ለምን እንዳደረግሁት የምመልሰውን ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድሬ ነበር። የጠየቁኝ ግን የሁለት ሳምንት የሎግ ቡክ ፊርማ ለምን እንደጎደለና ጋውኔ ለምን እንዳልተቆለፈ ነው። የተሰጠኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «የሥነ ሥርዓት ጉድለት» ይላል፤ ክብደት የሚል ቃል የለበትም። ሚዛኑ ባትሪ እንደሌለው፣ ኃላፊዋ ነርስ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ እንደጠየቀች ስናገር ጉዳዩ የሆስፒታሉ አስተዳደር እንጂ የትምህርት ክፍሉ እንዳልሆነ ተነገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባትሪ ስለሌለ ማንም እንድዋሽ አላዘዘኝም። ግን አንድ ተማሪ በልጅ ሕይወት ላይ ሐሰት ጽፎ ስለ ቁልፍ የሚጠየቅበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ነገ ሐኪም ሲሆን ምን እንዲጠነቀቅ ነው የሚያስተምረው? ያ ንዴት ዓመታት አልፈውም አልወጣልኝም።

ስለዚህ ከመመሪያው ጋር የማልስማማበትን በግልጽ ልናገር። ያልለካችሁትን ቦታ ባዶ ተዉት፣ ወይም «አልተመዘነም፣ ተኝቷል፣ 3 ሰዓት ላይ ይመዘናል» ብላችሁ ጻፉ። ነጥብ ከቀነሱባችሁ ይቀንሱ። አምስት ልጆች ቢሰጧችሁ ለኢንተርናችሁ ነግራችሁ ሦስቱን በሚገባ ያዙ፤ እኔ አምስት ይዤ አንዱንም አልያዝኩም ነበር። የጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ዘግይቷል፤ ሚዛኑ ጋ ወረፋ ሳይኖርና የጠዋቱ ወተት ሳይሰጥ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ፣ በየቀኑም በዚያው ሰዓት መዝኑ። ትንፋሽ ልጁን ከመንካታችሁ በፊት፣ ደረቱ ተገልጦ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል፤ 15 ሴኮንድ የሚያባዛ ሰው ስህተቱንም በአራት ያባዛል። የተኛ ልጅ ሲገጥማችሁ ትንፋሹንና ልቡን በእንቅልፉ ላይ አዳምጡ፣ ጉሮሮና ጆሮውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ጋውን ደግሞ መርፌ የተወጋ የሁለት ዓመት ልጅን ያስለቅሳል፤ እኔ ዛሬም አውልቄ እቀርባለሁ፣ ይህን ስል ተቆጣጣሪዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ። በአልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ማንኛውም ፈሳሽ መጠኑ በሲኒ ወይም በማንኪያ ለእናቲቱ ተነግሮ፣ እሷም መልሳ ለእናንተ እስክትናገር አትሂዱ።

ስለ እናቲቱ ያልተናገርኩት ነገር አለ። በዚያ ሳምንት ከጎኗ ለተኙት እናቶች፣ «እኔ ነኝ አትቀስቅሰው ብዬ ልጄን ልገድለው የነበርኩ» ስትል ሰማኋት። ሁለት ቀን ሙሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ፤ ለሬዚደንቷ ይቅርታ ጠይቄ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ፈርሜ፣ ለእሷ ግን የምለው ጠፋኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ አልጋው አጠገብ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ልጁን ማስነሳት የእኔ ግዴታ እንደነበረ፣ ያልመዘንኩትን እንደመዘንኩ አድርጌ እንደጻፍኩ፣ የሌሊቱንም ፈሳሽ መጠን ሊነግራት የሚገባው የዋርዱ ሰው እንጂ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ልጁን ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ክታቡን ከአንገቱ አወለቀች፣ ሸሚዙን ገፈፈችና ራቁቱን በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው።

«በል ተነሥ፣ እንሂድ ወደ ሚዛኑ» አለችኝ።

6 ኪሎ ከ300 ግራም ነበር።