ጿሚው ዕቃዬ ጓዳ ውስጥ ተያዘ

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዎቹ ከበውኝ «ይኸው፣ ባትሪ የለውም! በዚች መዳፍ በምታህል ሶላር ብቻ ነው የአፈር እርጥበት የሚለካው፤ አምስት ቀን ሙሉ አንዴም አልጠፋም» አልኩ። ለልምምድ የመጣችው ልጅ «ጋሼ፣ ታዲያ ይቺ ቢጫ ሽቦ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«እሷ ለወሬ ናት።» እውነቴን ነው፤ ከላፕቶፑ ትእዛዝ የምታደርስ የዩአርት መስመር ናት። የኃይሉን ሽቦማ በገዛ እጄ ነቅያለሁ። ልጅቷ ቢጫዋን ነቀለቻት። ዕቃው ድርግም።

ለካ ዩአርት ዝም ሲል መስመሩን 3.3 ቮልት ላይ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ያ ቮልቴጅ በቺፑ እግር መከላከያ ዳዮድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው በር) ሾልኮ፣ 2.7 ገደማ ሆኖ ኃይል የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር ይሞላል። ቺፑ ደግሞ 1.8 ይበቃዋል። ጿሚ ነው ብዬ የመሰከርኩለት ዕቃ አምስት ቀን ሙሉ ጓዳ ገብቶ በቅቤ የራሰ ፍትፍት ሲጎርስ ከርሟል! ዓርብ ማታ ቢሮው ድቅድቅ ብሎ እያለ ሲሠራ አይቼ «አይ ጉብዝና!» ብዬዋለሁ። በጨለማ። ሶላሩን።

በቢጫዋ ሽቦ የሚያልፈውን ከረንት ግን ለክቼ ነበር፤ መልቲሜትሩ ዜሮ አለኝ። የመልቲሜትሩን የማይክሮ አምፕ ፊውዝ አቃጥለህ ቀስ ብለህ መሳቢያ ውስጥ የመለስከው ወንድሜ፣ እግዜር ይይልህ።

ሽቦው ከወጣ በኋላ እውነተኛው ጉድ መጣ። ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ3 ወደ 1.8 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው 288 ማይክሮጁል ነው፤ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ይጠፋል። ቆጣሪውን ከኤፍራም (ኃይል ቢጠፋም ከማይረሳው ሜሞሪ) አንብቦ፣ አንድ ደምሮ ይጽፋል፤ «ጨርሻለሁ» ሳይል ይሞታል፤ ሲነሳ ያንኑ ደግሞ ይደምራል። እንጀራው ሳይወጣ «አንድ» ብለው ቆጥረው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንኑ ምጣድ ላይ ያለውን እንደገና እንደመቁጠር። አሁን አዲሱን ቁጥር ሌላ ቦታ እጽፍና፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክት በአንድ ጽሑፍ ብቻ አዞራለሁ። ከዚያ በትራንዚስተር ኃይሉን በዘፈቀደ ሺህ ጊዜ እየቆረጥኩ፣ ኤፍራሙን ሳይቋረጥ ከሠራው ጋር አስተያያለሁ። ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ሽቦ የተባለ ሁሉ ይነቀላል። የኦሲሎስኮፑ (የቮልቴጅን ውጣ ውረድ የሚያሳየው መሣሪያ) መንኪያ ፕሮብም ይጠረጠራል፤ ባለ 10 ሜጋኦሙ እንኳ በ3 ቮልት 0.3 ማይክሮ አምፕ ይጠጣል።

ልጅቷ በሁሉም ልክ ነበረች። «ጋሼ» ግን ምን ማለት ነው? ገና 31 ዓመቴ ነው!