የእማዬ የቤት ስልክና የማክ አድሬስ ጣጣ

እማዬ የቤት ስልክ የሌለበት ቤት ቤት አይመስላትም። ሜሪላንድ ከመጣች ጀምሮ ሞባይል ገዝተንላታል ግን ልቧ ያለው ትልልቅ ቁጥር ባለው የቤት ስልኳ ላይ ነው፣ የእድሩ ሰዎችም የቤተክርስቲያን ጓደኞቿም በቃላቸው የያዙት እሱን ቁጥር ነው፣ ደሴ ያለችው እህቷም የምትደውለው እሱ ላይ ነው። ስለዚ ባለፈው ወር መስመሩን ወደ ኢንተርኔት ስልክ ስንቀይረው እኔ የፈራሁት ቁጥሩ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር። ቁጥሩ በሰላም ዞረ፣ ያላሰብኩት ማክ አድሬስ፣ ማለትም እያንዳንዱ የኔትወርክ መሳሪያ የሚታወቅበት መለያ፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን ዝም አሰኘው።

የገዛሁላት ግራንድስትሪም ኤችቲ812 የሚባለውን አዳፕተር ነው፣ ተራውን የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ሳጥን ነው፣ ሁለት የስልክ ሁለት ደግሞ የኔትወርክ መሰኪያ አለው። ኢንተርኔቱን ወደ ቤት ከሚያስገባው ሞደም ወደ አዳፕተሩ፣ ከአዳፕተሩ ደግሞ ለቤቱ ወደሚያከፋፍለው ራውተር አድርጌ ሰካሁት፣ ልጆቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ ወሬዋ እንዳይቆራረጥባት ድምፁ ቅድሚያ ያግኝ ብዬ ነው። መብራቱ በራ፣ ስልኩ ግን አይደውልም፣ የቤቱም ኢንተርኔት ጥፍት አለ። ገመዱን መልሼ ራውተሩ ላይ ስሰካው ይመጣል፣ አዳፕተሩ ላይ ሳደርገው ይጠፋል። ሞደሙን ነቅዬ መለስኩት፣ ያው ነው። የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፣ አርባ ደቂቃ ካስጠበቁኝ በኋላ አዲስ ሞደም ግዛ አሉኝ፣ በጣም ነው ያናደደኝ ምክንያቱም ሞደሙ ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የኬብል ሞደም ሲነሳ መጀመሪያ ያየውን መሳሪያ ማክ አድሬስ ይይዝና ሌላ ሲመጣበት አላውቅህም ይላል፣ ፊት ለይቶ እንደሚያስገባ ዘበኛ በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። የእማዬ ሞደም ግን ለካ ውስጡ ባትሪ ነበረው፣ የድሮው መስመር ላይ መብራት ሲጠፋ ስልኩ እንዲሰራ የገባ ነው፣ እኔ ከግድግዳው ስነቅለው እሱ አልጠፋም ነበር። ይሄን ያወቅኩት ግን ችግሩን በሌላ መንገድ ከፈታሁት በኋላ ነው።

ሌላኛው መንገድ አዳፕተሩ የራውተሩን ማክ አድሬስ ይዞ እንዲቀርብ ማድረግ ነው፣ ክሎን የሚሉት። ማክ አድሬስ ማለት 12 ቁጥርና ፊደል ነው፣ ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የፋብሪካው መለያ ናቸው፣ ለምሳሌ 00-0ቢ-82 ካያችሁ ግራንድስትሪም ነው። ላፕቶፔን አዳፕተሩ ላን የሚለው፣ ወደ ቤት ውስጥ መሳሪያ የሚሄደው መሰኪያ ላይ ሰክቼ በብራውዘር 192.168.2.1 ገባሁ፣ ቤዚክ ሴቲንግስ ውስጥ ክሎን የሚደረገው የዋን፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ የሚወጣው በኩል፣ ማክ የሚጻፍበት ሳጥን አለ፣ እዛ ላይ የራውተሩን ጻፍኩ፣ ሪቡት፣ በቃ ሰራ።

ግን እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ራውተሩ ስቲከር ላይ ከአንድ በላይ ማክ አድሬስ ሊኖር ይችላል፣ የዋኑና የዋይፋዩ አንዳንዴ በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው የሚለያዩት፣ የሚፈለገው የዋኑ ነው። 8ና ቢም በዛች ጥቃቅን ጽሁፍ ላይ አንድ ይመስላሉ፣ እኔ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳድጌ ነው ያነበብኩት። የአዳፕተሩን የራሱን ከሆነ የምትፈልጉት ስልኩን አንስታችሁ ኮከብ ሶስት ጊዜ ከዛ 10 ስትጫኑ በድምፅ ያነብላችኋል።

ከሞባይል ላይ ኮፒ አታድርጉ፣ አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አንድሮይድ ደግሞ ከ10 ጀምሮ ለዋይፋይ የሚያሳዩት የፈጠሩትን አድሬስ ነው። የማክ አድሬሱ ሁለተኛዋ ቁጥር ወይም ፊደል 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነች እንደዛ አይነት መሆኑን እወቁ። አንድ አይነት ማክ አድሬስ ያላቸው ሁለት መሳሪያዎች ደግሞ አንድ ኔትወርክ ላይ መገናኘት የለባቸውም፣ የኛ ቤት የሰራው አዳፕተሩ እራሱ እንደ ራውተር ሆኖ በመሀላቸው ስለቆመ ነው፣ ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መሀል ሳይቆም ዝም ብሎ በሚያሳልፍበት ላይ፣ ብታደርጉት ይጋጫሉ።

ሁሉ ነገር ከተበላሸባችሁ ኮከብ ሶስቴ፣ 99፣ ከዛ የአዳፕተሩን የራሱን ማክ አድሬስ በስልኩ ቁልፍ ስታስገቡ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ሴቲንግ ይመለሳል። ፊደሎቹ እንዲህ ነው የሚገቡት፣ ኤ 22፣ ቢ 222፣ ሲ 2222፣ ዲ 33፣ ኢ 333፣ ኤፍ 3333፣ ስለዚ 00-0ቢ-82 የሚለው 00022282 ይሆናል። ግን የስልክ አካውንቱንም አብሮ ስለሚያጠፋው የይለፍ ቃላችሁን ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

እንደኔ ግን የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ አዳፕተሩን ከራውተሩ ኋላ ሰክታችሁ ተገላገሉ፣ እዛ ጋ ከሆነ ሞደሙ አያየውም፣ ክሎን ምናምንም የለም። አንዳንድ ራውተር ላይም ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳትረሱ፣ የኢንተርኔት ስልክ ላይ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ሲደወል መጀመሪያ የሚታየው አካውንቱ ላይ የተመዘገበው የቤት አድራሻ ነው። ብዙ አቅራቢዎች ጋ 933 ስትደውሉ የተመዘገበውን ያነብላችኋል። እኔ ስደውል ከሶስት አመት በፊት የለቀቅነውን አፓርታማ አነበበልኝ፣ እማዬ አጠገቤ ቡና እየቆላች ነበር፣ ክው ነው ያልኩት፣ ወዲያው ገብቼ ቀየርኩት። እናንተም ስልኩ መስራቱን እንዳያችሁ የመጀመሪያውን ጥሪ ወደ 933 አድርጉት።