ስሙን የምጠራበት አፍ መለሰልኝ

ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን! ዛሬ ጠዋት ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ እኔ ግን መታጠቢያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የታመምኩት የፊት ነርቭ ነው፤ ሐኪሞች ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይሉታል። መጀመሪያ የጥርስ ሕመም መስሎ ሁለት ጤነኛ ጥርሶቼ ተነቀሉ። በኋላ የታዘዘልኝ ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒትም እያደር አላስታግሰኝ አለ።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ የትራሱ ጫፍ ቀኝ ጉንጬን ነካው። እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ከጆሮዬ እስከ አገጬ ነዘረኝ። ተወኝ። ደግሞ መጣ። ምራቄን መዋጥ ፈርቼ ፎጣ ላይ አንጠባጥብ ነበር። «ኢየሱስ» ልል ከንፈሬን ሳላቅቅ፣ ስሙን ሳልጨርስ መታኝ። ያኔ በልቤ ጮህኩበት፦ «ስምህን እንኳ እንዳልጠራ ነው? እንግዲያው አልጠራህም!» አዎ፣ ብየዋለሁ፤ አልደብቅም። ልጄ ነቅታ መጣች። ልትስመኝ ጎንበስ ስትል በእጄ ገፋኋት። ምንም አላለችም፤ በሩ ሥር ተቀምጣ «እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» የሚለውን የዳዊት መዝሙር በሹክሹክታ ታነብልኝ ጀመር። እስኪነጋ፣ እየደጋገመች። ልጄ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ እኔ የጣልኩትን ጸሎት አንቺ አንስተሽ ያዝሽልኝ።

ከወራት በኋላ ጋማ ናይፍ ለሚባል የጨረር ሕክምና ተጠራሁ። ስሙ ቢላ ይሁን እንጂ የሚቆረጥ ነገር የለም። ኮባልት ከሚባል ጨረር አመንጪ ብረት የሚወጡ ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች በየአቅጣጫው ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ደካማ ነው፣ ነርቩ ላይ ሲገናኙ ግን ይበረታሉ። ሐኪሜ ይህን ሲያስረዳኝ በልቤ የጸለዩልኝን ወገኖች ቆጠርኩ። ራሴ እንዳይነቃነቅ አራት ቦታ በመርፌ አደንዝዘው የብረት ክፈፍ በአራት ብሎን አሰሩብኝ። ብሎኑ ሲጠብቅ ግንባሬ የሚጨመቅ መሰለኝ። እጄን የያዘችኝ ነርስ እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም፤ ጌታ ብድሯን ይክፈልልኝ።

በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ፤ ሕመሙም አብሮኝ ገባ። ነርቩ እስኪረጋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ ነግረውኝ ነበር። ሰባት ሳምንት አለፈ።

በስምንተኛው ሳምንት እሑድ፣ ጉባኤው ሲዘምር፣ አንድ የሻከረ ድምፅ ከቅርብ ሰማሁ። የራሴ ነበር። አፌን ከፍቼ እየዘመርኩ ኖሯል!

ጉንጬ ትንሽ ደንዝዞ ቀርቷል፤ ልጄ ስትስመኝ ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሁልጊዜ ግን የማዞርላት እሱኑ ነው።