ተጫዋች ሰው፣ ይሉኝታና ክልከላ በድሬዳዋ

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለሁሉም አንድ ነበር። መጨባበጥ ቀረ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው እንደሚያሳዩት ጥንቁቆችና ለሌላው የሚያስቡ ሰዎች ክልከላን ይበልጥ ያከብራሉ፤ ጨዋታ ወዳዶች ይቸገራሉ። ይሁንና የጠባይ ድርሻ ትንሽ ነው። አደጋው ምን ያህል እንደሚታያቸውና ጎረቤታቸው የሚያደርገው ነገር የበለጠ ይወስናል። ስለዚህ ቤት ለቤት የምታስተምሩ ሁሉ "እሱ ድሮም አይሰማም" ብላችሁ ማንንም አትለፉ።

በድሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እምቢተኛው ሳይሆን ደጉ ሰው ነው። ጭምብሉን ሳያወልቅ ከቀፊራ ገበያ ይመለስና ለቅሶ ቤት ሲደርስ የተዘረጋለትን እጅ መመለስ ያቅተዋል። ይሉኝታ ይይዘዋል። እሱን ስለ በሽታው ደጋግሞ መምከር ትርፍ የለውም፤ የሚያስፈልገው ሰበብ ነው። የዕድሩ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው "ዛሬ እጅ በደረት ነው" ካሉ ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ተጫዋቹን "ቤትህ ተቀመጥ" ማለት ብቻውን አይሠራም። በተዘጋ ክፍል ሰዓታት የሚፈጀውን በርጫ ሰው ቀንሶ፣ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ማድረግ ይሻላል፤ ውሃውም ሻይውም በየራስ ብርጭቆ ይሁን። አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ይህንንም ሳትደብቁ ንገሩት።

ፈሪው ደግሞ ያበዛል። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ይቀላቅላል፤ ይህ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ልኩን ስጡት፦ ክሎሪኑ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ለክቶ ውሃ በመጨመር 1 ሊትር መሙላት። ይህ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ ነው፤ እጅ በሳሙና ይበቃዋል። ቆሻሻ ክሎሪኑን ስለሚያደክም መጀመሪያ በሳሙና ይጠረግ። የድሬ ሙቀትና ፀሐይም ስለሚያዳክሙት በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ጥላ ውስጥም ይቀመጥ።

መታዘዝ የማይወደውን ሰው በሰው ፊት አትቆጡት፤ እልህ ይይዘዋል። ለብቻው ምክንያቱን አስረዱትና ምርጫ ስጡት፦ ሱቁ ውስጥ ጭምብል ያደርጋል ወይስ ደንበኛውን በመስኮት ያስተናግዳል?