የጠዋቷ ሸለብታ

እሑድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

እያለሙ መሆኑን እያወቁ ማለምን፣ ሉሲድ ድሪሚንግ የሚሉትን፣ በቀን እንቅልፍ መለማመድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚስተው ሰዓቱን ነው። ምሳውን ይበላል፣ 8 ሰዓት ላይ ጋደም ይላል፣ ሃያ ደቂቃ አሸልቦ ምንም ሳያይ ይነሳል። ከዚያ «ለኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ደማቅ ህልም በብዛት የሚታየው ዓይን ከቆቡ ስር ወዲያ ወዲህ በሚልበት፣ ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው። አንድ የእንቅልፍ ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሬም ደግሞ የሚመጣው ወደ ዙሩ መጨረሻ ነው። ሃያ ደቂቃ እዚያ አያደርስም። ከሰዓት በኋላ ረዘም አድርገው ቢተኙም ጥልቁ እንቅልፍ ይቀድምና ሰው ራሱ ከብዶት ይነቃል።

የጠዋቷ ሸለብታ ግን የሌሊቱ ቅጥያ ናት። ሬም እየረዘመ የሚሄደው ወደ ንጋት ስለሆነ፣ እንቅልፉን ቀደም ብሎ አቋርጦ በኋላ የተመለሰበት ሰው የቀረችውን ድርሻ ያገኛታል። ለፈጅር ሶላት ተነስቶ መልሶ የሚተኛ፣ ወይም ከቅዳሴ መልስ ጋደም የሚል ሰው ሳያስበው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት መተኛት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነቅቶ መቆየት፣ ከዚያ የስልኩን ማንቂያ ለ90 ደቂቃ ሞልቶ መተኛት። በዚያ ሰዓት ለመነሳት የማይመቸው 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ሊያሸልብ ይችላል። ነቅቶ የሚቆይባት ጊዜ ስልክ መጎርጎሪያ አይደለችም። ደብዘዝ ባለ መብራት ቁጭ ብሎ የሌሊቱን ህልም መጻፊያ ናት። «ህልም እልም» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ገላን ገልበጥ ማድረግ ብቻ ሊያጠፋው ይበቃል። ስለዚህ እንደነቁ ሳይንቀሳቀሱ መጨረሻውን ይዞ ወደ ኋላ መጎተት፣ ሦስት አራት ቃል መጫር፣ ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ።

ከተጻፈው ውስጥ በእውን ሊሆን የማይችል አንድ ነገር ይመረጣል፦ የሞተ ዘመድ፣ ዛሬም ያላለቀ የማትሪክ ፈተና። ጋደም ብሎ ያንኑ ህልም መልሶ በሐሳብ መግባት፣ እዚያ ነገር ላይ ሲደርሱ «ይሄ እኮ ህልም ነው» ሲሉ ራስን ማየት፣ ከዚያ «አሁን ሳልም፣ እያለምኩ መሆኔን አስታውሳለሁ» ማለት። ይህን መንገድ ያደራጀው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የህልም ተመራማሪ ስቴፈን ላበርጅ ነው። የሚከሽፈው ዓረፍተ ነገሩን እንደ ውዳሴ በቃል ሲያነበንቡትና ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። ሐሳቡ ከሸሸ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። እንቅልፍ ሲወስድ የመጨረሻዋ ሐሳብ እሷ መሆን አለባት።

እንቅልፍ ቶሎ ጭልጥ አድርጎ ለሚወስደው ሰው ክንድ ይረዳል። በጀርባ ተኝቶ ክርኑን ፍራሹ ላይ አሳርፎ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። እንቅልፍ ሲመጣ ጡንቻው ይላላል፣ ክንዱ ይወድቃል፣ ሰውየው ባነን ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገመ በኋላ የሰመመኑን ምስሎች፣ የሚሽከረከሩ መስመሮችና የሰው ፊቶችን፣ ሳይነካቸው ማየት ይለምዳል። ያኔ ክንዱን አስተኝቶ ወደ ህልሙ ይገባል።

በዚህ በር የሚገባ ሰው ዱካክ ሊያገኘው ይችላል። በሬም ጊዜ አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ስለሚያስር፣ አእምሮ ቀድሞ ከነቃ ገላ አልታዘዝ ይላል፤ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስላል። ትንፋሽ ግን አይቆምም። መታገል ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ ቀስ ብሎ መተንፈስና የእግር ጣት ለማንቀሳቀስ መሞከር ይሻላል። በጎን መተኛትም ያቀለዋል። ዱካክ አዘውትሮ ለሚይዘው ሰው የክንዱን መንገድ አልመክርም።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሃል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኪት ሄርን የተኛውን የአለን ወርስሊን ዓይን በመሣሪያ ሲከታተል፣ አስቀድመው የተስማሙበት የግራ ቀኝ ምልክት ከህልሙ ውስጥ መጣለት። በ2021 የታተመ የአራት አገር ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎችን ህልም ውስጥ እያሉ ጠየቀ። ከ8 ላይ 6 ሲነሳ ስንት ይቀራል ሲባል ተኝቶ በዓይኑ «2» ብሎ የመለሰ አለ።

ቡና ከሸለብታው በኋላ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አልኮል በሌሊቱ መጀመሪያ ሬምን ያፍነዋል፣ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍም የተቆራረጠ ነው። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ሬም ይቀንሳሉ፤ ለህልም ተብሎ ግን መድኃኒት አይቋረጥም። በሳምንት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ሌሊትን መቁረጥም አያዋጣም፤ ድካም ያበዛል።

ህልም መሆኑ በታወቀባት ቅጽበት ደስታው ራሱ ያነቃል። ስለዚህ በህልሙ ውስጥ ከመብረር በፊት ሁለት እጅን ማፋተግ፣ ግድግዳ መዳሰስ፣ የወለሉን ስንጥቅ ቀረብ ብሎ ማየት። ህልሙ ቢጠፋም ዓይን ሳይገልጡ ጥቂት መቆየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን የውሸት መንቃት ነው፤ በጠዋት ሸለብታ ደግሞ ይበዛል። ስልኩ ይጮኻል፣ ሰውየው ይነሳል፣ ነጠላ ጫማውን ያደርጋል፣ «ዛሬም አልተሳካም» እያለ ፊቱን ይታጠባል፤ ለካ አሁንም ተኝቷል። ስለዚህ በነቃ ቁጥር፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ አፍንጫውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ለመተንፈስ ይሞክር። አየር ከገባለት፣ ገና አልነቃም።