ድሬዳዋና ሐረር፦ በሰዓቱ የሚበላ

ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሊሄድ የተነሣ ወዳጅ ሁሉ «የት ልብላ?» ብሎ ይደውልልኛል። ሌላ ከተማ ቢሆን የአንድ ምግብ ቤት ስም ነግሮ መገላገል ይቻል ነበር። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ግን ስም ብቻውን እንግዳን ከረኀብ አያድነውም፤ ነዋሪው ራሱ ደጋግሞ የሚሄድባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የተሰቀለ ማስታወቂያ የላቸውም፣ የሚታወቁት በባለቤቶቻቸው ወይም በአጠገባቸው ባለ መስጊድና ፋርማሲ ነው። ስሙ የተገኘ ቤት ቢኖር እንኳ፣ ጠዋት ሰው ቆሞ ወንበር የሚጠብቅበት ሥፍራ ከቀትር በኋላ ወለሉ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣ ባለቤቱም ጓሮ ፍራሽ ዘርግቶ ጋደም ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ሰዓቱን ነው፤ ቦታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ጉዞ ከአንድ ወዳጄ ጋር ከአዲስ አበባ የወጣነው በአውቶቡስ ነበር። ባቡሩም አውሮፕላኑም አለ፤ ሆኖም ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በመኪና የሚሄድ ሰው ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ በየመንገዱም የሚቀመስ አያጣም። አዋሽ ሰባት ላይ የፍየል ጥብስ ማዘዝ ይገባል፤ አካባቢው የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች አገር ስለሆነ ፍየሉ ከሩቅ አይመጣም። ከዚያ ወዲያ፣ ሚኤሶን አልፎ በጭሮ ተራሮች በኩል አውቶቡሶች የሚቆሙባቸው ምግብ ቤቶች ተሳፋሪያቸው በየቀኑ የሚለዋወጥ በመሆኑ ይመስለኛል፣ ለእጃቸው ሙያ እምብዛም አይጨነቁም። እዚያ ሻይና ሙዝ ይበቃል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ሥር እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስም ከተማዋ ተቆረቆረች። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ፈረንሣዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ዐረብ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራውና ከሐረሪው ጋር በአንድ ገበያ ሲገናኝ ገበታውም አብሮ ተቀላቀለ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆየው፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የፈጀው የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን መንገዶቿ ቀጥ ብለው የተቀየሱት፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነችው ከዚራ አለች፤ በሌላው ወገን ጠመዝማዛዋና ገበያ የማያጣት መጋላ። ጠዋት ወደ መጋላ፣ ማታ ወደ ከዚራ መሄድ ለእንግዳ ከምሰጠው ምክር ሁሉ ይቀድማል።

መጋላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቁት መንገዶች፣ ገና በማለዳ የፈጢራ ምጣዶች መጋል ይጀምራሉ። እኛ የተቀመጥንበትን ቤት ከመንገዱ የሚለየው አንድ ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነበር። ሠሪው ወጣት በዘይት በራሰ የብረት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጭብጥ ሊጥ በመዳፉ ጨፈለቀ፤ ጫፉን ይዞ ወደ ላይ እያወናጨፈ ዘረጋው፤ ጥቂት ከተወናጨፈ በኋላ ሊጡ ከመሳሳቱ የተነሣ የጠረጴዛው ጭረት በሥሩ ይታይ ነበር። መሀሉ ላይ ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የተመታ እንቁላል አፈሰሰበት፣ አራቱንም ጎን እንደ ፖስታ አጠፈና በሚንጣጣው ዘይት ላይ ጣለው። ሁለቱም ፊት ሲጠበስ በመገልበጫው ስለት ቆራርጦ፣ ማር አንጠባጥቦበት በቆርቆሮ ሳህን አቀረበልን። ማርና ቃሪያ ምን አገናኛቸው የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ እኔ ግን ፈጢራን ያለ ማር የሚበላ ሰው ግማሹን ትቶ የሄደ ይመስለኛል። ከጎኑ አንዲት ሴት ፉል ትሸጣለች፦ ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል ያደረ ባቄላ፣ ከትንሽ ድስት ውስጥ በብርጭቆ ቂጥ ተደቁሶ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ ከላይ ቅቤ ፈስሶበት ከትኩስ ዳቦ ጋር ይመጣል። ሁለት ሰው ከሆኑ አንድ ፈጢራና አንድ ፉል አዝዞ መካፈል ነው፤ ሁለቱንም ለብቻው የሚጨርስ ሰው በዚያ ሙቀት እስከ ማታ ሌላ ነገር አይቀምስም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ፉሉ ያልቃል፣ ሊጡም ይሰበሰባል። በእርግጥ ፈጢራ በማታም ምጣድ ላይ ይወጣል፤ በመካከሉ ያለው ሰዓት ነው ባዶው። ወዳጄ ከቀትር በኋላ ባጃጅ አስቁሞ ፈጢራ ቤት እንዲያደርሰው ሲጠይቅ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሾፌር «አቦ፣ በዚህ ሰዓት ፈጢራ ከየት ላምጣልህ? ጠዋት የት ነበርክ?» ብሎ ሳቀበት። ድሬዎች አንቱታ አያበዙም፤ አዲስ አበቤ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጥ ይሆናል፣ በሁለተኛው ግን ይወድደዋል። ወዳጄ እልህ ይዞት ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ገባና ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ፈጢራ አዘዘ፤ የመጣለት ጠዋት ተሠርቶ የተቀመጠ፣ በማሞቂያ የተሞቀና እንደ ላስቲክ የማይቆረጥ ነገር ነበር፤ ዋጋው ደግሞ የመጋላው ብዙ እጥፍ።

ምሳ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መብላት አለበት። የምሳው ንጉሥ ሩዝ ነው፤ በሥጋ መረቅ በቅመም የበሰለ፣ ከላይ የፍየል ወይም የግመል ሥጋ የተቀመጠበት፣ ከጎኑ ሙዝና የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ የማይለየው። ሙዙ ማጣፈጫ ሳይሆን የምግቡ አካል ነው፤ እየተቆረሰ ከሩዙ ጋር ይጎረሳል። የግመል ሥጋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ዱለት ወይም ጥብስ ከማዘዙ በፊት ቅቅሉን ቢጀምር ይሻለዋል፤ የሥጋው ክር ረጅም ስለሆነ በፍጥነት የተጠበሰው ጥርስን ያታክታል፣ በዝግታ የበሰለው ግን ከአጥንቱ ላይ በጣት ይለቅቃል። የግመል ወተት በገበያው ጠርዝ የሶማሌ ሴቶች ከጀሪካን እየቀዱ ይሸጡታል። የታጠነ ዕቃ ጠረን አለው፤ እንደ እርጎም ቀጠን ብሎ ይኮመጥጣል። ሆዱ ያልለመደ ሰው በትንሽ ብርጭቆ ቢወሰን ይመረጣል፤ ጥሬ ወተት መሆኑንም አይርሳ።

ከዚያ ከተማዋ ጸጥ ትላለች። ሙቀቱ አንድ ምክንያት ነው፣ ጫቱ ሌላ። ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ወደየምርቃናው ይገባል፣ ምግብ ቤት ክፍት ሆኖ ቢገኝ እንኳ አስተናጋጁ ከመቀመጫው ለመነሣት ሲያመነታ ይታያል። በዚህ ሰዓት የሚያዋጣው ጭማቂ ቤት ነው፤ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ወቅቱ ከሆነ ጊሽጣ። ጊሽጣ ፍሬው ብዙ ስለሆነ በችኮላ አይበላም፤ ለዚያ ሰዓት የተፈጠረ ይመስላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚራ ትነቃለች። ከለገሃር፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በሚወጡት መንገዶች ወንበሮች ወደ ዛፎቹ ሥር ይወጣሉ፤ ጥብሱ፣ ክትፎው፣ ስፓጌቲው፣ ቀዝቃዛው ሐረር ቢራ ሁሉ የሚጀምረው ያኔ ነው። እዚህ የሚበላው አዲስ አበባም ይገኛልና ብዙ አልልም፤ የሚከፈለው ለነፋሱ ነው።

ወደ ሐረር የሚወጣው ሚኒባስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የደንገጎን ዳገት ሲጨርስ አየሩ ይቀየራል፣ ተሳፋሪውም መስኮት መዝጋት ይጀምራል። ሐረማያንና የጫት ንግድ መዲና የሆነችውን አወዳይን አልፈን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጀጎል ደረስን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ይህ ግንብ ከነከተማው በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ይነገራል፤ ስንት ማእድ ቤቶች እንዳሉ የቆጠረ ግን የለም፣ ለእንግዳ የሚጠቅመው ደግሞ ይሄኛው ቆጠራ ነበር።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ ወርደን ግድር መጋላ ደረስን። የሥጋው ገበያ ቅስቶች ጣሪያ ላይ ጭልፊቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ ይዞ በግዴለሽነት የሚሄድ ሰው ከእጁ ሊነጠቅ ይችላል። ልጆች ቁራጭ ሥጋ ወደ ላይ እያሳዩ እንግዳን ያስደንቃሉ፣ ሳንቲምም ይቀበላሉ። በዙሪያው ሳንቡሳ የሚጠብሱ ሴቶች አሉ፤ በምስርም በሥጋም ይሞሉታል፣ በሥጋ ከሚሞሉት መካከል የግመሉ ይበልጥብኛል። ምርጫው ቀላል ነው፦ ዘይቱ እየፈላ ካለው ምጣድ የወጣውን ብቻ መግዛት፤ በሳህን የተከመረውን ማለፍ። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ሐላዋና ብርቱካን መልክ ያለው ሙሻበክ ያገኛል፤ ሙሻበኩ በስኳር ሽሮፕ የራሰ ስለሆነ ከአንድ ቁራጭ በላይ ለእኔ ከባድ ነው።

የሐረሪ ቤት ምግብን ግን ከመንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ሁነኛው መንገድ በጀጎል ውስጥ እንግዳ ከሚያሳድሩት ባህላዊ ቤቶች በአንዱ ከዋዜማው ጀምሮ ማዘዝ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ግድግዳው በስፌት ሥራዎች በተሞላ ቤት፣ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ ቀይ መደብ ላይ ተቀምጠን ሁልበት መረቅ ቀረበልን። አብሹ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ መራራነቱ በተደጋጋሚ ውሃ ወጥቶለት፣ አረፋ እስኪያነሣ ድረስ ተመትቷል፤ ይህ ነጭ አረፋ የሚፈላው የሥጋ መረቅ ላይ ሲደፋ ከላይ ለስላሳ፣ ከሥሩ ግን የሚፋጅ ሆኖ ይቀመጣል። እኔ ማንኪያ ስፈልግ ያዩኝ የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ በማንኪያ መረቁን ብቻ ነው የምታገኘው፤ ዳቦውን ቁረስና ከታች አውጥተህ አጥቅስ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ አረፋውና መረቁ በአንድ ጉርሻ ሲመጡ ያ የአብሽ ምሬት ትንሽ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከምሳው በኋላ ሀሻራ መጣ፤ ከቡና ገለባ የሚፈላ፣ ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ የሆነ መጠጥ ነው። ለዓለም ገበያ በደረቅ የሚዘጋጅ ስመ ጥር ቡና ያላት ከተማ ገለባውንም አትጥልም፤ ቅጠሉም ቁጢ ሆኖ ይፈላል።

የክርስቲያን ሥጋ የሚፈልግ ሰው ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወደ አዲሱ ከተማ በሚወስደው መንገድ ይሂድ። በሥጋ ቤቶቹ በር ላይ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃ የማንኛው እምነት ቢላዋ እንዳረፈበት ይነግረዋል፤ ለብዙ መንገደኛ ይህ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ሳይጠይቁ አለማዘዝ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ በዚያው ሰፈር በቀላሉ ይገኛል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ከዚያችው ከተማ ፋብሪካ የሚወጣውን ሶፊ ማልት ቢያዝዝ አይጸጸትም፤ ከአብሽ በኋላ ጥሩ ነው።

የጾምን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፣ በረመዳን የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ሁሉ ይገልብጠው። ቀን ቀን በጀጎል ውስጥ ምጣድ አይነድም፤ ምሳ የሚፈልግ ከሸዋ በር ውጭ ይፈልግ። መግሪብ፣ የፀሐይ መግቢያው ሶላት፣ ሊደርስ ሲል ግን ፈረስ መጋላ በሳንቡሳ፣ በሙሻበክና በተምር ይሞላል፤ ጾመኛው ቀድሞ መግዛት ስላለበት እንግዳ ራቅ ብሎ ቢቆይ ደግ ነው፣ አዛን ከተሰማ ግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ምጣድ ለእሱም ነው። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበረው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ሸዋሊድ ላይ የሚደርስ ሰው ደግሞ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ሁልበት መረቁንም ከማደሪያው ጋር አብሮ ይዘዝ፣ በዚያ ሰሞን የቤቶቹ ማእድ ቤት ለዘመድ እንኳ አይበቃም።